ሰው የማይኖርበት

«እማዬ፣ አጎቴ ቤት ሰው ይኖራል ልበል፣ አይኖርም?»

ልጅቱ ይህን የጠየቀችው ጠዋት ነው፤ ዳቦዋን እየገመጠች፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። እናትየው የሻይ ብርጭቆዎቹን እያለቀለቀች ነበር። ጥያቄው የቂል ጥያቄ ይመስላል። አጎት የተባለው የእናትየው ታላቅ ወንድም ነው፤ በአንድ የሀብታም ግቢ ባለ ግንብ ውስጥ መኖር የጀመረው ደግሞ ልጅቱ አፏን ሳትፈታ ነው። ታዲያ ምን ያጠያይቃል? ይኖራል ነዋ። እናትየው ግን ያለቀለቀችውን ብርጭቆ ደግማ አለቀለቀችው።

የሚኖሩት በአንዲት ክፍል ነው። አልጋው ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል፤ የልጅቱ ፍራሽ ቀን ቀን አልጋው ሥር ይገባል፤ ምድጃውንና ዕቃውን መጋረጃ ይከልለዋል። ኪራዩ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ክፍሉ ግን ጨምሮ አያውቅም። ኮምፒውተሩ ከሰው እጅ የተገዛ ነው፤ ትንሽ ከሠራ በኋላ እንደ አስም በሽተኛ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ከወጣች ወዲህ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ እንደተደፋች ናት። ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ለእናትየው ጭንቅ ነው። አንድ ቀን ልብስ የምትተኩስበት ላውንደሪ ባለቤት «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ቢላት «ካርታ» አለችው። «አይ እናት! ቁማርተኛ ነው ያሳደግሽው?» ብሎ ልብስ ሊያስጥብ የመጣውን ሁሉ አሳቀባት። እሷም አብራ ሳቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ አትክልት ቦታዎችን የሚወዱ ሰዎች ያቋቋሙት ማኅበር አለ። ድሮ ሀብታሞች ግቢያቸው ውስጥ ለዓይን ብቻ ብለው ያሠሯቸውን ሕንፃዎች ኢንተርኔት ላይ ባለ ካርታ ይመዘግባል፦ ወደ የትም የማያወጣ ግንብ፣ ግድግዳ የሌለው ክብ ዳስ፣ አጥር የሌለው በር፣ እንዲህ ያለውን። ልጅቱ ከሰማይ የተነሳውን ፎቶ እያጎላች በዛፍ መሐል ጣሪያ ትፈልጋለች። የጥላውን ርዝመት አይታ ቁመቱን ትገምታለች፣ ዙሪያውን በመስመር ትከባለች፣ ከዚያ በእግሯ ሄዳ ፎቶ ታነሳለች፣ ስልኳ የሚጠይቃትን ትሞላለች። እስካሁን የከፈላት የለም። የማኅበሩ አስተባባሪ ግን ማንም ያልመዘገበው አንድ ደህና ግንብ ካመጣች ቋሚ ሥራ እንደሚያስገባት ነግሯታል። ልጅቱም አገር ምድሩን ስታስስ ከርማ ያገኘችው የአጎቷን ግንብ ሆነ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚሉት ዓይነት ነው፤ እዚያ ግቢ ውስጥ እየቦረቀች ያደገች ልጅ ግንቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ከሰማይ ነው።

ሰፈርተኛው ግንቡን «ውሸታሙ» ይለዋል። መስኮቶቹ በቀለም የተሳሉ ናቸው። በፊት ለፊት በኩል ያለው ትልቁ በርም ስዕል ነው። ከጎኑ ተጠምዝዞ የሚወጣው ደረጃ አናቱ ላይ ደርሶ ከግድግዳ ጋር ይላተማል። እውነተኛ በሩ በጓሮ በኩል ያለው ነው፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት። የእናትየው ወንድም አትክልተኛ ሆኖ ሲቀጠር እዚያ መቆፈሪያና ውሃ ማጠጫ ይቀመጥበት ነበር፤ የግቢው እመቤት «ከምትመላለስ እዚያው ዕደር» አሉት፣ እሱም በመቆፈሪያዎቹ መሐል አልጋ ዘረጋ። በቃ፣ በዚያው ቀረ። ወረቀት የለ፣ ውል የለ። አሁን እመቤቲቱ ሞተዋል። የእህታቸው ልጅ ወርሳለች፤ ግቢውን ልትሸጠው ነው።

ጉዳዩን ያመጣው አንሶላ ነው። ከሰማይ በተነሳው ፎቶ ላይ ከግንቡ አጠገብ አንድ ነጭ ነገር ይታያል። ቦታውን ረግጠው የማያውቁ የማኅበሩ ሰዎች በፎቶው ሥር ሲከራከሩ ሰነበቱ። አንዱ ሐውልት ነው አለ፣ ሌላው የዕብነ በረድ ወንበር፣ ሦስተኛዋ ትንሽ የውሃ ገንዳ። ልጅቱም ግራ ገብቷት እናቷን ጠራቻት። እናትየው ጎንበስ ብላ አየችና «የጋሼ አንሶላ ነው» አለች። ጠርዙን ካውያ ስላቃጠለው አንድ ሆቴል አልቀበልም ብሎ የመለሰው አንሶላ ነበር፤ ከላውንደሪው ለምና ለወንድሟ የወሰደችለት። ልጅቱ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቆረጠች። አንሶላ ካለ የሚተኛበት ሰው አለ ማለት ነዋ።

«እማዬ ስሚኝ» አለች በዚያው ጠዋት፣ ዳቦዋን አስቀምጣ። «ሰው የሚኖርበት ካልኩ ጌጥ መሆኑ ይቀርና ተራ ቤት ይሆናል። ከማኅበሩ ዝርዝር ይወጣል። ማዘጋጃ ቤቱም የእኛን መዝገብ ነው የሚከተለው፣ ለገዢው እንዲያፈርሰው ይፈቅድለታል። ግን ነዋሪ ስላለው አጎቴ ምትክ ክፍል ያገኛል። ሰው የማይኖርበት ካልኩ ደግሞ ግንቡን ማንም አይነካውም። አጎቴ ግን ባዶ እጁን ይወጣል።»

«ሥራሽስ?»

«ሥራዬ ከግንቡ ጋር ነው» አለች ልጅቱ።

እናትየው እስከ እኩለ ቀን ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ስትተኩስ ቆየች። እንፋሎቱ ፊቷን ሲመታት፣ ሸሚዙ ሲገለበጥ፣ እጅጌው ሲዘረጋ፣ አእምሮዋ እንደ ሌላ ሰው አእምሮ ከሩቅ ይሰማት ነበር። ከጥቂት ወራት ወዲህ ማንበብ እየተማረች ነው። ከሥራ በኋላ ከጎልማሶች ጋር ልጆች በለቀቁት ክፍል፣ ጉልበት በማያስገባ ወንበር ተቀምጣ። አስተማሪዋ «ጣታችሁን ከፊደሉ አትንቀሉ፤ ጣት ሲቀድም ዓይን ይከተላል» ይሏቸዋል። እሷም በተማረችው መሠረት በልብሱ አንገት ላይ የተሰፋችውን ጨርቅ ሁሉ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች፤ ቀ-ዝ-ቃ-ዛ፣ ው-ሃ። ባለቤቱ «ዛሬ ሸሚዙን እያስተማርሽው ነው እንዴ?» ብሎ ያልፋል። በዚህ ዕለት ግን ያነበበችው ነገር የለም። የመጨረሻውን ሱሪ ሰቅላ ካውያውን ስትነቅል ቁርጧን አውቃ ነበር። ግንብ ቢፈርስ ሌላ ይሠራል፣ ወንድም አይሠራም። ልጇም ወጣት ናት፣ ሥራ ታገኛለች። እንዲህ ብላ ቆረጠች፤ ስትቆርጥ ግን ደስም አላላት፣ አላዘነችም። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት መርፌ እንደተወጋ ድድ ነበረች።

ልጅቱ የማኅበሩን ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ላውንደሪው ደጃፍ ጠበቀቻት። አብረው ሄዱ። አውቶቡስ ውስጥ ቆመው እናትየው «ይኖራል በይ» አለቻት። ልጅቱ «እሺ» አለች። ቀጥላ በመስኮቱ ወደ ውጭ ስታይ ቆየች። እናት የልጇን ማጅራት ብቻ ነበር የምታየው፤ ማጅራት ደግሞ ብዙ ይናገራል።

ወንድሟ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ የውሃ ጎማውን እየጎተተ ተቀበላቸው። «እታለም! ልጂቱን ይዘሽ መጣሽ? ዛሬ ዋዜማ ነው እንዴ?» ብሎ እጁን በሱሪው ጠርጎ ሳማቸው። የልጅቱን ካሜራ ሲያይ ቀና አለ፤ ግቢውን የራሱ ይመስል ያስጎበኛቸው ጀመር። ግድግዳ የሌለውን ክብ ዳስ፣ ዓሳው ያለቀበትን ኩሬ፣ በጽጌረዳ የተዋጠችውን የድንጋይ ወንበር። ከዚያ ግማሹ ወደ ተናደ አንድ ግድግዳ ወሰዳቸው።

«ይኼ ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበር፤ መቼ ፈረሰ አጎቴ?» አለች ልጅቱ።

«አልፈረሰም። ፈርሶ ነው የተሠራው።»

«ኧረ ቀልድህን ተው!»

«እውነቴን ነው። ግቢውን ያሠራው ሰውዬ ያረጀ ግድግዳ አማረኝ ብሎ ግንበኛ ቀጥሮ አስናደው። እኔ አዲስ ገብቼ ሳለሁ አንድ ዘበኛ ‹አፈረስከው› ብሎ ከሶኝ፣ እመቤቲቱ በሳቅ ፈርሰው እንባቸውን እየጠረጉ ነው ያስጣሉኝ።» እናትየው ይህን ታሪክ ደጋግማ ሰምታዋለች። በየጊዜው ትስቅ ነበር። ዛሬ ፈገግታዋ ከከንፈሯ አልፎ አልሄደም።

ወራሿ ከዳሱ ሥር ነበረች፤ መነጽሯን ጸጉሯ ላይ ሰክታ ስልክ ታወራለች። ንፁህ ሴት ናት፣ ድምፅዋም ንፁህ ነው። «አዎ፣ ግንቡ አብሮ ነው የሚሸጠው» ስትል ሦስቱም ሰሟት። «ባዶ ነው። አይ፣ ማንም አይኖርበትም።» ይህን ስትል የእናትየው ወንድም ከእሷ ጥቂት እርምጃ ርቆ ውሃው ከያዘው ጎማ እየተንዠቀዠቀ ቆሟል፤ ሌላው ሱሪው በውሸታሙ ደረጃ መደገፊያ ላይ ተሰጥቷል፤ ነጩ አንሶላ በገመዱ ላይ ይርገበገባል። ሴትየዋ ግን የጠላችው ሰው እንዳየች አልተኮሳተረችም። ዛፍ እንደምታይ ነበር የምታየው።

ወንድሟ ወደ እህቱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰማሽ? እስከ ዛሬ አትክልተኛው ሲሉኝ ኖሩ። ዛሬ ስም ወጣልኝ። ማንም። ማንም ይኖርበታል ብትል ምን ነበረበት?»

«ዝም በል ጋሼ፣ ትሰማሃለች።»

«ማንም ሲናገር ማን ይሰማል ብለሽ ነው?» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ፤ እሷ ግን ወደ መሬት አየች። ወራሿ ስልኩን ዘግታ መጣች። ለልጅቱ ደህና ሰላምታ ሰጠች፤ ማኅበሩን እንደምታደንቅም ነገረቻት። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ በትሕትና «አባባ፣ ለአንድ አፍታ ከፎቶው ይውጡልን» አለችው። «እነዚያንም ልብሶች ቢያነሱልን።» እሱም «እሺ የኔ እመቤት» ብሎ ጎማውን ጣለ፤ ሱሪውን ሰበሰበ፣ አንሶላውን ከገመዱ ስቦ በክንዱ ላይ አጣጠፈው። እናትየው ልታግዘው እጇን ዘርግታ ነበር፤ እሱ ግን አስቀድሞ ጨርሶት እጇ አየር ላይ ቀረ።

ልጅቱ በስልኳ ግንቡን ዞረችው፤ ስልኩ በሄደችበት መስመር እየሳለ ይከተላታል። ከዚያ አናቱን በካሜራ ለማንሳት ደረጃውን ልትወጣ ስትል ለጥቂት ጊዜ ስልኩ ላይ አፈጠጠች። ጥያቄው መጥቶ ነበር። አውራ ጣቷን ወደ ላይ አነሳችው፣ መለሰችው። ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት።

«አንቺው ሙዪው» አለች።

«እኔ?»

«አንቺ አይደለሽ የወሰንሽው? ሁለት መስመር ናት። ማንበብ ትችያለሽ አይደል?» ድምፅዋ ቁጣም ልመናም የለበትም፤ የደከማት ሰው ድምፅ ነው። ካሜራዋን ይዛ በደረጃው ወጣች።

እናትየው ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች፣ ሕፃን እንደሚያዝ። እስከ ዛሬ ይህን የመሰለ ነገር እንድታነብ ያመናት ሰው የለም። ሁለቱ መስመሮች መንታ ይመስላሉ። ሁለቱም በ«ሰው» ይጀምራሉ፣ ሁለቱም በ«ኖርበት» ያልቃሉ፤ ልዩነታቸው ከመሐል ነው። አንደኛው «ሚ» ነው ሌላው «ማይ»፤ የአንዲት ፊደል እግር ነገር። ፀሐዩ መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ ዓይኗን አወካት። ወንድሟ ልብሱን ታቅፎ አጠገቧ ቆሟል፣ እሱ ፊደል የሚባል አያውቅም። «ምን ይላል?» አላት። «ቆይ» አለችው። እንደተማረችውም ጣቷን ከላይኛው መስመር ሥር አኖረች። ጣት ሲቀድም ዓይን ይከተላል። ሰ-ው። የ… «ማ» ነው ወይስ «ሚ»? እግሩን ለማየት ጣቷን ፊደሉ ላይ አሳረፈችው።

ስልኩ ነዘር አለ። ሁለቱ መስመሮች ጠፉ። በምትካቸው አንዲት ቃል መጣች፤ እናትየው እሷንም በጣቷ ተከትላ፣ ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው አነበበቻት። እ-ና-መ-ሰ-ግ-ና-ለ-ን።

ልጅቱ ከደረጃው ወርዳ ስልኩን ስታይ ፊቷ አልተለወጠም። እናትየውን ያስፈራት ይህ ነው። «እማዬ፣ ማይ ነው የላክሽው።»

«አልላክሁም። እኔ ገና እያነበብኩ ነው።»

«ጣትሽ ሲነካው ይሄዳል እኮ።» ልጅቱ ከንፈሯን ነከሰች። «ይስተካከላል። እስከ ማታ ድረስ ማስተካከል ይቻላል። ላስተካክለው?»

ወራሿ ወደ ዳሱ ተመልሳ ሌላ ስልክ እያወራች ነበር። ወንድሟ አንዴ እህቱን አንዴ የእህቱን ልጅ እያየ «ምንድን ነው እሱ? ለእኔም ንገሩኝ እንጂ፣ ቤቴ አይደለም ወይ?» አለ። ልጅቱ ነገረችው። ጠዋት ለእናቷ እንደነገረቻት አድርጋ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። ምትክ ክፍሉ የት እንደሆነ ጠየቃት። ከከተማው ዳር ከሚሠሩት ፎቆች ላይ እንደሚሆን ነገረችው። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ጠየቃት፤ አላውቅም አለችው። ዞር ብሎ ውሸታሙን አየው። የተሳሉትን መስኮቶች በየዓመቱ ቀለማቸው ሲለቅ መልሶ የሚቀባቸው እሱ ነው። አንዱ መስኮት ውስጥ፣ መጋረጃው ሥር፣ ማንም ሳያዘው የሳላት ድመት አለች።

«እኔ ስኖር እሱ ይፈርሳል» አለ። «እሱ ሲቆም እኔ እወጣለሁ። ሁለታችንን አንድ ላይ የሚያስገባ ፊደል የለም?»

«የለም አጎቴ። ሁለት መስመር ብቻ ነው።»

«ስንት ዓመት ተምራችሁ ሁለት መስመር?» አለና ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ስላልመጣለት አንሶላውን እንደገና አጣጠፈው። «እንግዲያ ተዪው። በኔ ስም ድንጋይ አይፈርስም። አንድ ጊዜ በሐሰት ተከስሼበታለሁ፣ ይበቃኛል። አንቺም ሥራሽን ያዢ።»

እናትየው መናገር እንዳለባት ታውቃለች። ተይ አስተካክዪው ማለት አለባት፤ እሱን ማለት ካቃታት ደግሞ ሌላ ማለት ያለባት ነገር አለ። «ጋሼ» አለች፣ «እኛ ጋ…»

ጠበቃት። ዓይኖቿን ሳይሆን አፏን እያየ ጠበቃት። በሐሳቧ አልጋውን አየች፣ ፍራሹን አየች፣ መጋረጃውን አየች፤ ሰው የሚዘረጋበት መሬት ፈለገች። ልጅቱ የካሜራውን ክዳን ከፍታ ዘጋች፣ ከፍታ ዘጋች። በመጨረሻ ወንድሟ ራሱ ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰላት።

«እናንተ ጋ ጠባብ ነው» አለ። «አውቃለሁ እታለም። እኔ ደግሞ አንኮራፋለሁ።»

እሷም «አዎ» አለች። ወንድሟ ችግኝ የሚያፈላ አንድ የድሮ ጓደኛ በሌላ ከተማ እንዳለው፣ ብዙ ጊዜ ና እያለ እንደሚጨቀጭቀው ነገራቸው። እውነት ይሁን ውሸት አልጠየቁትም። ሻይ ልጣድላችሁ ቢላቸው አውቶቡሱ ያመልጠናል ብለው ተነሱ። እስከ በሩ ሸኛቸው። ወራሿ ከዳሱ ሥር እጇን አውለበለበችላቸው።

ቤት ሲገቡ ገና አልመሸም ነበር። እናትየው ወጥ አሞቀች። ልጅቱ ኮምፒውተሩን ከፈተችው፣ እሱም ቁና ቁና መተንፈስ ጀመረ። ግንቡ በካርታው ላይ ወጥቷል፤ ትንሽ አረንጓዴ ምልክት፣ በሥሩ ፎቶ። አስተባባሪው ደውሎ በጣም አመሰገናት፤ ከስልኩ የሚወጣው የደስታ ድምፅ ክፍሏን ሞላት። «የተሳለችው ድመትማ!» ይላል ደጋግሞ። ልጅቱ «አዎ፣ አዎ፣ እሺ» ትላለች። ስትጨርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ በእሷና በእናቷ መሐል አስቀመጠችው። ገጹ ክፍት ነው። ማስተካከያው ቁልፍ እዚያው ይታያል፤ እናትየው ከተቀመጠችበት ሆና ታነበዋለች፣ ያለ ጣት። ልጅቱ ቀና ብላ አየቻት። እናትየው ሳህኑን ወደ ልጅቱ ገፋ አድርጋ «ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለች። በሉ። ወጡ ጨው አንሶታል። ትንሽ ቆይቶ የስልኩ መብራት በራሱ ጊዜ ጠፋ።

ግንቡ አልፈረሰም። ልጅቱ ቋሚ ሥራዋን አገኘች። እናትና ልጅ በዚያችው ክፍላቸው ቀሩ። ወንድሟ በዚያው ሳምንት ሄደ።